ቤቱ እንዳይታይ አድርገሽ

አማን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምሰገድ ኃይለሚካኤል፣
ጎተንበርግ

የምትኖርበት አገር ይመችህ፤ ከብርዱም ከሰው ክፋትም አምላክ ይሰውርህ። እኔ የአጎትህ የባየ ሚስት ማናልሞሽ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ምስጋና ለእርሱ።

የላክኸው ስልክ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ። ምስጋናዬን እዚህ ላይ ጨርሻለሁ።

አጎትህ ካረፈ ሦስት ዓመት አለፈው። ለለቅሶው አልደወልህም፤ ለሙት ዓመቱም አልደወልህም። ባለፈው ሳምንት የማላውቀው ሰው ካርቶን ይዞ በሬን አንኳኳና «ዓለምሰገድ ነው የላከው፤ የሸኮውን ቡና ፎቶ አንሥተው ይላኩለት» አለኝ።

«እንዴት ናት አላለም?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ቸኩሎ ነበር፣ እናቴ» አለኝ አፍሮ።

ሦስት ዓመት ሙሉ የሚቸኩል ሰው ከአንተ በቀር አላየሁም።

ደብዳቤ የመረጥኩት ስቆጣ አንደበቴ ስለሚታሰር ነው። አጎትህ «አንቺ ስትቆጪ ቤቱ ጸጥ ይላል» ይለኝ ነበር። ወረቀት ላይ ግን አልታሰርም። ትምህርት ቤት ባልገባም፣ እሱ ትቶልኝ የሄደውን መጽሐፍ ሁሉ አንብቤ ጨርሻለሁ፤ ቃል አላጣም። ገጹን በስልኩ አንሥቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ፤ አላላኩን ጎረቤቴ ውድነሽ አሳይታኛለች።

ፎቶውን ለምን እንደፈለግኸው አልነገርኸኝም። የአባትህ ናፍቆት ይሆናል ብዬ ማክሰኞ በሚኒባስ ሸኮ ሄድኩ። ቡናው ቀልቷል። ጴጥሮስና ሚስቱ ሚርያም ለቀማ ላይ ነበሩ። ረስተኸው ከሆነ፣ ጴጥሮስ ቡናው መሀል ባለችው ቤት የተወለደው ነው፤ አባትህ ለእረፍት ሲወስድህ ማር በቅጠል አድርጎ የሚሰጥህ። ያቺን ቤት አሁን ቆርቆሮ አልብሷታል።

«ዓለምሰገድ አለ እንዴ?» አለኝ።

«አለ። አውሮፓ ነው» ስለው፣ ሚርያም ከቡናው ውስጥ ሆና፣ «ይኸው ነው! እዚያ የሄደ ሁሉ አፉ ይቀዘቅዛል» ብላ አሳቀችን።

ሰላም ብለውሃል። መልስህን ይጠብቃሉ። ፎቶዎቹ እነሆ፤ ካበላሸሁ ንገረኝ።

የአጎትህ ሚስት
ማናልሞሽ


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ማናልሞሽ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎ። በዝምታዬ መቀየምዎ ልክ ነው። አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የአበሻ ሠርግ ፎቶ አነሣለሁ። ቀኑ አይበቃኝም። ይቅር ይበሉኝ።

የደብዳቤዎ የግራው ጠርዝ በፎቶው ስለተቆረጠ የየመስመሩን መጀመሪያ እየገመትኩ ነው ያነበብኩት። የቡናው ፎቶዎችም እንደዚያው ናቸው፤ የሚፈለገው ተቆርጦ የማይፈለገው ገብቷል። አንዱ ላይ ሰማዩ ግማሹን ወስዶታል። ሌላው ላይ ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ ዶሮ፣ ባልዲ፣ የቆርቆሮ ቤት ተደባልቋል። የሚያየው ሰው ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ላስተምርዎ፤ ለሙሽሮችም የምጠቀምበት ነው።

ማየት የምንፈልገው ነገር በሌላ ነገር ሲታቀፍ ፎቶው ያምራል። በር፣ መስኮት፣ የድልድይ ቅስት፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ሁሉም ማቀፊያ ይሆናሉ። እኛ ፍሬም እንለዋለን። ፍሬሙ ለእርስዎ ቅርብ ይሁን፤ በውስጡ የሚታየው ራቅ ይበል። ስልኩ ላይ ብርሃን ያለበትን ቦታ በጣትዎ ይንኩት፤ ያን ጊዜ ፍሬሙ ይጠቁራል። አይፍሩት፣ እንዲጠቁር ነው የምንፈልገው። ዓይን በጨለማው አልፎ በቀጥታ ወደ ብርሃኑ ይገባል። ከመጫንዎ በፊት ደግሞ አራቱንም ጠርዝ በዓይንዎ ይዙሩ። የማይፈለግ ነገር ሾልኮ የሚገባው በጠርዝ በኩል ነው።

መግቢያው ላይ ያለው ትልቁ ዋንዛ ለዚህ ይሆናል። ከሥሩ ሆነው ወደ ኋላ ይራቁ። ቅርንጫፉ ከላይ፣ ግንዱ በግራ በኩል ይሁን። በግራ መሆኑን አደራ። በመሀሉ ቡናው ብቻ ይታይ።

አክባሪዎ
ዓለምሰገድ


አማን፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓለምሰገድ፣

አውቶቡስህን ከአደጋ፣ መንገደኞችህን ከክፉ ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ዘንድሮ ለቀማውን አላስጨርስ ብሎ አስቸግሯል።

ትምህርትህን ወደድኩት። ይህን ስል ቁጣዬ አልቋል ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ እዚሁ ቤቴ ተለማመድኩ። ውድነሽ በደጄ ስታልፍ በመስኮቱ አነሣኋት። ፎቶውን ሳሳያት የመስኮቱ ብረት ፊቷ ላይ አርፏል።

«ምን አድርጌሽ ነው ያሰርሽኝ?» ብላ ጮኸች። «አጥፊው! ባሌ ካየው በዚያው ሊተወኝ ይችላል።»

ከዚያ ብረቱን ወደ ጎን ማድረግ ተማርኩ። በኩሽናው በር፣ በጓሮው የሙዝ ቅጠል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አነሣሁ። አንድ ነገር ሲታቀፍ የሚያምረው ለምን እንደሆነ ባላውቅም ያምራል። ሸኮ ስሄድ ደግሞ ከዋንዛው ሥር ቆሜ እንዳልኸኝ ወደ ኋላ እራቅ ጀመር። ጴጥሮስና ሚርያም ሥራቸውን ትተው ያዩኛል።

«እትዬ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያልሽ ሚዛን ከተማ ልትደርሺ ነው!» አለችኝ ሚርያም።

«ዝም በያት» አለ ጴጥሮስ፤ «አሁን ነው ሥራዋን ያወቀችው።»

ፎቶውን ሳሳያቸው ጴጥሮስ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። «የእኛ ቡና እንዲህ ያምራል እንዴ?» አለ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የሚርያምን ልብስና ባልዲ የማይፈለግ አልኸው። ልብሱ የታጠበ ንጹሕ ልብስ ነው፤ አንተም ልጅ ሆነህ በዚያ ገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ ለብሰሃል። ጴጥሮስ ሰላም ብሎሃል ብዬ ጻፍኩልህ፤ አንድ ቃል አልመለስህም። ሁልጊዜ «ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? «ግንዱ በግራ ይሁን ብሏል» ልበለው?

ስለ ግንዱ ካነሣሁ፣ በግራ ሲሆን ቤታቸው ከነጭራሹ ትጠፋለች። በቀኝ አድርጌም ሞከርኩ፤ ያም ያምራል፤ ቡናውም ቤቷም አብረው ይታያሉ። ሁለቱንም ልኬልሃለሁ። ለምን ግራ እንዳልኸኝ ጻፍልኝ። የጴጥሮስንም ሰላምታ መልስ።

ማናልሞሽ


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ማናልሞሽ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። የግራው ፎቶ ግሩም ነው! እውነቴን ነው፤ ከእኔ ጋር የሚሠሩት ልጆች እንዲህ አያነሡም። የቀኙ አይሆንም፤ አጥፍቼዋለሁ። እርስዎም ከስልክዎ ያጥፉት።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግራል። ቅርንጫፉ ላይ አጭር ግንድ የመሰለ ጥቁር ነገር ተንጠልጥሏል። ዓይን እሱ ላይ ይጣበቃል። አንድ ሰው ወጥቶ ያውርደውና ያንኑ ፎቶ ደግመው ያንሡልኝ። ሌላ አንድ ደግሞ ከወንዙ በኩል እፈልጋለሁ። የቁጥቋጦውን ክፍተት እንደ ፍሬም ይጠቀሙ። ሰው እንዳይኖር፣ ጭስ እንዳይኖር፣ ቤቱ እንዳይገባ።

በሚኒባስ እንዳይንገላቱ ከፈለኝ የሚባል ወዳጄ ከቴፒ በመኪና መጥቶ ይወስድዎታል። ለነገሩ ትንሽ ቸኩያለሁ፤ ከገና በፊት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

ከደብዳቤዎ የታችኛው ክፍል ተቆርጧል መሰለኝ፤ ስለ ሰዎቹ የጻፉትን በደንብ አላገኘሁትም።

አክባሪዎ
ዓለምሰገድ


አማን፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓለምሰገድ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ምርቃቱን ዛሬ ከደብዳቤው መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፤ እዚያ ድረስ ልቤ ካደረሰኝ።

ወዳጄ ያልኸው ከፈለኝ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ፤ ውኃ ሰጠሁት። «እስቲ ፎቶውን ልየው፤ ምን እንደጎደለው እንድናውቅ» አለኝ። ስልኩን ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አጎላው።

«ይህ ቀፎ የማን ነው?» አለኝ።

«የጴጥሮስ ነው። ዛፉ የአባቱ ነበር።»

«የአባቱ?» ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «እናቴ፣ እኔ ቴፒ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው። ባለቤት ያለው ዛፍ ሥር ያለ ቡና ደግሞ ዝም ብሎ የሚተላለፍ አይደለም። ዓለምሰገድ የነገረኝ ሌላ ነው።»

«ምን ብሎ ነገረህ?»

«ሰው የለበትም አለኝ። አንድ ዘበኛ ነበረ፣ እሱም ለቆ ሄዷል አለኝ። ከአዲስ አበባ የሚረከበው ባለሀብት በየካቲት ሊፈራረም ነው። ፎቶው ለእሱ የሚታይ ነው። ለእርስዎ አልነገረዎትም እንዴ?»

ስቆጣ አንደበቴ ይታሰራል ብዬህ ነበር። ከፈለኝ ፊት እንደዚያው ሆንኩ። ሰውየው ውኃውን እንኳ ሳይጨርስ ተነሣ።

«እኔ ደላላ ነኝ፤ ሰው ማፈናቀል ሥራዬ አይደለም» አለኝ ጫማውን እያሰረ። «ፎቶው ላይ የሌለ ሰው መሬቱ ላይ ቢገኝ ግን ድንጋዩ የሚወረወረው አንተ ላይ አይደለም በሉት፤ እኔ ላይ ነው።»

ዓለምሰገድ፣ አጭር ግንድ ያልኸው ቀፎ ነው። በቅጠል የበላኸው ማር ከዚያ ቀፎ ነበር የሚወርደው። ዛፉ ሥር ቆመህ አፍህን ከፍተህ ስትጠብቅ አይቼሃለሁ። ጴጥሮስ ራሱ በንብ እየተነደፈ ለአንተ ያወርድልህ ነበር። ይህን የረሳህ ሰው ግንዱ በግራ እንዲሆን ግን አልረሳህም!

እኔ ደግሞ ናፍቆት መስሎኝ! አባቱ የደከመበትን መሬት በስልክ አቅፎ ሊያይ ነው ብዬ በዝናብ ተንገላታሁ። ሙያ ያስተማርኸኝ መስሎኝ በየበሩና በየመስኮቱ እንደ ሕፃን ስጫወት ከረምኩ። ለካ የምታስተምረኝ ሰው ከቤቱ ማስወጣት ነው። ያውም ጴጥሮስ አጠገቤ ቆሞ፣ «የእኛ ቡና እንዲህ ያምራል እንዴ?» እያለኝ!

የደብዳቤዬ የታችኛው ክፍል አልተቆረጠም። ከመላኬ በፊት አራቱንም ጠርዝ በዓይኔ ዞሬዋለሁ፤ ይህንም ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ስለ ሰዎቹ የጻፍኩትን አንብበኸዋል።

ቀፎው አይወርድም። ከወንዙ በኩልም አላነሣም። የቀኙን ፎቶም አላጠፋሁትም።

ምርቃቱ ጋ አልደረስኩም።

ማናልሞሽ


ጎተንበርግ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማናልሞሽ፣

ሰላም ነሽ? ብዙ አልጽፍም።

መሬቱ በአባቴ ስም ተለክቶ በአባቴ ስም የተመዘገበ ነው። እኔ ወራሹ ነኝ። ጴጥሮስና አባቱ ዘበኞች ነበሩ። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ አባቴ ለለኪዎቹ ሲናገር እዚያው ነበርኩ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንቺም ነበርሽ። ለለኪዎቹ ምሳ ይዘሽ መጥተሽ ዋንዛው ሥር ቆመሽ ነበር። «ይህ ቤት የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ አባቴ «የዘበኛዬ ነው» አለ። አንቺ አንድ ቃል አልተናገርሽም። ሃያ ዓመት ዝም ብለሽ ኖረሽ ዛሬ እኔ ላይ ቅዱስ ልትሆኚ ነው?

ያን ጊዜ ዝም ያልሽው አጎቴ ወንድሙን እንዳያስቀይም ነው። ገብቶኛል። የምትኖሩበት የአማኑ ቤት የአባቴ ነበርና። አሁንም በአባቴ ስም ነው፤ ማለትም በእኔ እጅ ነው። ይህን አንሥቼ አላውቅም ነበር። አሁን አንሥቻለሁ።

እኔ እዚህ በሰው አገር በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ነው የምገባው። ሚስቴ ታማለች፤ ለአንቺ ልነግርሽ አልፈለግኩም። የምሸጠው ቀልድ መስሎሽ ነው? አንድ ፎቶ ነው የጠየቅኩሽ። ከፈለኝ ቀፎውን ካየ ወዲህ ያለ አዲስ ፎቶ አልንቀሳቀስም ብሏል።

ቀፎውን አስወርጂ። ቤቱ እንዳይታይ አድርገሽ አንሺው። ከዚያ እኔም አንቺን አላስቸግርሽም።

ዓለምሰገድ


አማን፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኃይለሚካኤል ልጅ ለዓለምሰገድ፣

ሚስትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ይህን ከልቤ ነው የምልህ፤ ስሟን ብትጽፍልኝ ኖሮ በስሟ እጸልይላት ነበር። ለአንተ ደግሞ ልብ ይስጥህ። የዛሬው ምርቃት ይኸው ነው፤ ሌላ ፈልጌ አላገኘሁም።

«እርስዎ» የምትለው ሰው ከአንድ ደብዳቤ ወደ ሌላው «አንቺ» ስትለው ምን እንደሚሰማው አሁን አውቄያለሁ። ይሁን። ከ«አክባሪዎ» ይልቅ ይህኛው ፊትህን አሳየኝ።

ስለ ልኬታው ቀን የጻፍኸው እውነት ነው። ድስት ይዤ ቆሜ ነበር። አባትህ «የዘበኛዬ ነው» ሲል የጴጥሮስ እናት ያየችው እሱን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ያቺ ሴት በአራስነቴ አጥንቴን አሽታ ያስነሣችኝ ናት። ዛፉ የማን እንደሆነ፣ አባትህን «ከሥሩ ትከል፣ እኩል እንካፈላለን» ብሎ ያስገባው የጴጥሮስ አባት እንደሆነ አውቅ ነበር። እኔ ወደ ድስቱ አጎንብሼ ክዳኑን አስተካከልኩ። አባትህ የአማኑን ቤት ይወስድብናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንተ ይህን አይተህ ሃያ ዓመት በልብህ አኑረህ ዛሬ ለመምቻ አወጣኸው። ምታ። ግን አንድ ነገር ተሳስተሃል። ያን ቀን ዝም ያልኩት ዛሬም ዝም እንድል ያደርገኛል ብለሃል። እኔን የሚያስቆጣኝ ግን እሱው ነው።

ደብዳቤህን ይዤ ሸኮ ሄድኩ። ለጴጥሮስና ለሚርያም አነበብኩላቸው። የሚያቅፉኝ መስሎህ እንደሆነ አላቀፉኝም። ጴጥሮስ መሬት መሬት እያየ ቀረ። ሚርያም ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቴ ቆመች።

«እና ከዛፉ ሥር ወዲያ ወዲህ ስትይ ቤታችንን እያጠፋሽልን ነበር? እኛ ደግሞ ቆመን ስንስቅልሽ!»

«አላወቅኩም ነበር፣ ሚርያም።»

«ይህን አላወቅሽም። ያኛውንስ? አማቴ እስክትሞት ድረስ 'ያቺ የባየ ሚስት ታውቅ ነበር' ትል ነበር። እኔ 'ተዪ እማዬ፣ እትዬ ጥሩ ሰው ናት' እላት ነበር። ለአንቺ ጠበቃ ሆኜ ከአሮጊት ጋር ስጨቃጨቅ ኖርኩ!»

መቀመጫ አልሰጠችኝም። ጉልበቴን ታውቃለህ፤ ቆሜ ቀረሁ። ትክክል ናት።

በመጨረሻ የተናገረው ጴጥሮስ ነው። «ሰውየው የሚፈልገው ፎቶ ነው አይደል?» አለ። «ቤቱ የሌለበት። እሺ፣ ቤቱ ያለበትን ለምን አንልክለትም?»

«የቀኙ ፎቶ አለ» አልኩት። አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ።

«ይህንን ቤቷን ከጠርዝ ቆርጦ ይጥለዋል። ሙያው ነው አልሽ አይደል?»

ልክ ነበር። እኔም ሳስብ የመጣሁት እሱን ነበር። ቤቷ እንዳትቆረጥ ከውስጥ ላንሣ ብላቸው ወደ ቤታቸው አስገቡኝ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከደጁ ብርሃን ስትገባ መጀመሪያ ምንም አይታይህም። ከምድጃው አጠገብ ሆኜ ወደ በሩ ዞርኩ። ዓለምሰገድ፣ አንተ ሙሽሮችህን እንደዚያ ባለ በር አቁመህ አታውቅም። ሰሞኑን ዝናብ ጥሎ ቡናው አብቧል። ሁለቱ የበር መቃኖች ጠቁረው፣ ከመካከላቸው ቡናው እስከ ወንዙ ድረስ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዋንዛው በቀኙ መቃን አጠገብ ቆሟል። ቀፎው ተንጠልጥሏል። ከውጭ ሆኜ ያን ያህል ስፈልገው የኖርኩት ፍሬም ቤቷ ራሷ ነበረች።

ስልኩን አነሣሁ። ሚርያም ከኋላዬ መጥታ ከእጄ ወሰደችው።

«አንቺ ግቢበት» አለችኝ።

«የት?»

«እዚያ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጪ። አንቺ ሁልጊዜ ከውጭ ነሽ። ምሳ ይዘሽ ከውጭ፣ ስልክ ይዘሽ ከውጭ። ዛሬ ግቢ።»

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ያስተማርኸኝን ሁሉ አስተማርኳት። ብርሃኑን በጣትሽ ንኪው አልኳት። አሁን ደግሞ አራቱን ጠርዝ በዓይንሽ ዙሪ አልኳት።

«ጠርዙ ላይ ገመድ አለ» አለች። «ልብሴ ተሰጥቶበታል።»

«ቢያስጠላሽ ወደ ግራ...»

«ይግባ!» አለች። «ባልዲውም ይግባ! ጴጥሮስ፣ ና አንተም እዚያ ከእሷ ጋር ቁም። ፊትህን አታኮሳትር፤ ሠርግ አይደለም፣ ግን አታኮሳትር።»

ጴጥሮስ ሳያስበው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሚርያም ተጫነችው።

ያን ፎቶ በዚያው ቀን ለከፈለኝ ላክሁለት። እሱ ደግሞ ለባለሀብቱ አሳየው። ማታ ደውሎ፣ «እናቴ፣ ሰውየው 'ሰው የሌለበት ብላችሁኝ ነበር' ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ፤ የድለላ ክፍያዬም አብሮ ተዘጋ» አለኝ። ተቆጥቶ ነበር፤ ግን አልሰደበኝም። ቀበሌውም ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ነገሩን እንዲሰማ ጴጥሮስ አመልክቷል። ቀን ሲቆረጥ እኔ እናገራለሁ። አንደበቴ ከታሰረ ጽፌ አነባለሁ። አንተም ብትመጣ ፊት ለፊትህ እናገራለሁ፤ ከአባትህ ዘንድ ያገኘኸው ቡናም እንዳለ፣ ግማሹን የተከለው አባትህ እንደሆነም እናገራለሁ። እኩል መካፈል የተባለው እኩል ነው፤ ከድርሻህ የሚከለክልህ የለም። ለሚስትህ መታከሚያ ይህን ብትጠይቅ ኖሮ ጴጥሮስ ራሱ ደላላ ሳይፈልግ መላ ይፈልግልህ ነበር። አልጠየቅኸውም። ሰላምታውን እንኳ አልመለስህለትም።

ቤቱን ደግሞ በእጄ ነው ብለሃል። እንግዲያውስ ውሰደው። ቁልፉ ውድነሽ ዘንድ ነው። ያንተ ስልክ ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ይህን ደብዳቤ የላክሁልህ በውድነሽ ስልክ ነው። ከዚያ ቤት የማወጣው የአጎትህን መጽሐፎችና አንድ ሣጥን ብቻ ነው። ሚርያም እስካሁን በደንብ አላናገረችኝም፤ ግን መጽሐፍ የሚችል መደርደሪያ ሥራ ብላ ጴጥሮስን ስትነዘንዘው ሰምቻለሁ።

ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ባለሙያ ነህና ደህና አድርገህ እየው። ቤቷን ቆርጠህ ለማውጣት ሞክር። ከግራ ብትቆርጥ መቃኑ ከቡናው ጋር ይሄዳል፤ ከቀኝ ብትቆርጥ ዛፉን ታጣለህ። በደፉ ላይ የተቀመጠችው አሮጊት እኔ ነኝ። ያን ቀን ድስቱን እንዳየሁ ታስታውሳለህ። እዚህ ቀና ብያለሁ፤ የማየው ወዴት እንደሆነ እየው።

ማናልሞሽ